«እያመሰኳ ነው» ማለት ስድብ ነው ወይስ ሙገሳ?

የወንጂ በር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ እዚህ አዳማ በውርስ ጉዳይ ቤተሰብ ተሰብስበን ነበር። ታላቅ ወንድሜ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ሰው ሲወተውተው አጎታችን «ተዉት፣ እያመሰኳ ነው» አሉ። ወንድሜ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። እስካሁን አያናግራቸውም። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ያረቡ ሰው ናቸው። ቃሉ ለሰው ሲነገር ምን ማለት ነው?

ባለቅኔ፦
«ከብት ነው» ማለታቸው ነዋ! ቃሉ ከ«መስክ» የመጣ ነው። መስክ ላይ የሚውል ያመሰኳል።

እረኛው፦
ወንድሜ፣ መስክ ላይማ ትግጣለች። የምታመሰኳው ጠግባ ጥላ ስር ስትተኛ ነው። አንገቷን አስተውል። ድብልብል ነገር ከደረቷ ሽቅብ ሲወጣ ታያለህ። አንድ ደቂቃ ያህል ታላምጠዋለች፣ ትውጠዋለች። ትንሽ ቆይቶ ሌላው ይመጣል። ላም ማመስኳት ካቆመች ታማለች ማለት ነው።

የቆሎ ተማሪ፦
መስክን ተዉት። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11ን አስቡ። «ሰኮናው የተሰነጠቀ» እና «የሚያመሰኳ» አብረው ነው የሚሄዱት። ሰኮና በግእዝ «ሰኰና» ነው። «ኰ»ዋን አያችሁ? ሥሩ አንድ ነው። ዘጠኝ ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ፣ በዚህ አትከራከሩኝ።

የባዮሎጂዋ፦
ዲያቆን፣ በአክብሮት፣ እዚያው ምዕራፍ ላይ ግመል ያመሰኳል፣ ሰኮናው ግን አልተሰነጠቀም ይላል። እሪያ ደግሞ ሰኮናዋ ተሰንጥቆ አታመሰኳም። አንድ ሥር ቢሆኑ ለየብቻ ባልተቆጠሩ።

የቆሎ ተማሪ፦
የፍቺ መለያየት የሥር መለያየት አይደለም፣ እህቴ።

ጋሪ ነጂ፦
የኔ ፈረስም ቆሞ ያመሰኳል፣ ማታ ማታ።

የባዮሎጂዋ፦
ያላምጣል እንጂ አያመሰኳም። ፈረስ ጨጓራው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ የዋጠው አይመለስም፣ ማስታወክ እንኳ አይችልም። ሣሩ የሚብላላው ኋላ፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። የላም ጨጓራ ግን አራት ክፍል አለው። ትልቁ ብቻ ከ100 ሊትር በላይ ይይዛል። ሣሩን እዚያ የሚያብላሉላት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። ያልደቀቀው ወደ አፍ ይመለሳል። የደቀቀው እንደ መጽሐፍ ገጽ በተነባበረው ክፍል አልፎ አራተኛው ውስጥ አሲድ ያገኘዋል። እንደኛ ጨጓራ የሚሠራው ያ አራተኛው ነው።

ባለሽንፍላ፦
ያንን መጽሐፍ ገጽ በገጽ እየገለጥኩ ያጠብኩት እኔ ነኝ! ለዱለት ብላችሁ እጃችሁን ያላስገባችሁ አትከራከሩ።

እረኛው፦
ስለዚህ ማላመጥ ሌላ፣ ማመስኳት ሌላ። ማላመጥ ያልተዋጠ ነገር ነው። ማመስኳት ተውጦ የተመለሰ ነው።

ባለቅኔ፦
ይኸው! የተዋጠ ነገር ከመለሰ ቂመኛ ነው ማለት ነው። ስድብ ነው።

እረኛው፦
ቂም አይደለም። እስኪልም ድረስ መመለስ ነው። ዝም ያለ ሰው ነገሩን እያላመ ሊሆን ይችላል።

የቆሎ ተማሪ፦
«እስኪልም» አልክ? ጥሩ አነሣህ። የትምህርት ቤቱ «ሥርዓተ ልመት» ከዚሁ ከ«ላመ» ነው፣ እንደ ዱቄት መላም። «ምግብ መፈጨት» እያላችሁ ወፍጮ ቤት አታድርጉት።

የባዮሎጂዋ፦
መፈጨት ምን አጠፋ? ጥርስ ይፈጫል፣ ጨጓራም ያሻል።

የቆሎ ተማሪ፦
አሲዱስ ይፈጫል?

የወንጂ በር፦
ወንድሜ ዛሬም ስልክ አላነሳም። ማታ እሱ ጋ ልሄድ ነው። ምን ልበለው?

የቆሎ ተማሪ፦
ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ አሲዱን እንጨርስ።