ስታክ ለሚያደርጉ የድሮ ፕሮግራሞች ምን ይሻላል? ሞክሬ ያወዳደርኳቸው

ለዓመታት ያገለገለ ፕሮግራም አንድ ቀን ይከፈትና ድርቅ ብሎ ይቀራል። መስኮቱ ይደበዝዛል፣ ከላይ «ኖት ሪስፖንዲንግ» ይላል። ከአስር ዓመት በላይ መዝገብ የያዘ የሂሳብ ፕሮግራም እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ። ያስጨንቃል። ምን ልጠቀም ለምትሉኝ የሞከርኳቸውን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን የዳታውን ፎልደር ሌላ ዲስክ ላይ ኮፒ አድርጉ።

«ኖት ሪስፖንዲንግ» ማለት ፕሮግራሙ ሞቷል ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ይህን የሚለጥፈው መስኮቱ ለ5 ሰከንድ ያህል መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ነው። ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው። የድሮ ፕሮግራሞች ሲከፈቱ ዲፎልት ፕሪንተሩን (ሌላ ካልተመረጠ የሚታተምበትን) የመፈለግ ልማድ አላቸው። ፕሪንተሩ በኔትወርክ ያለና የጠፋ ከሆነ እዚያው ቆመው ይቀራሉ። ዲፎልቱን ወደ «ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» ቀይራችሁ ሞክሩ። እኔ ሁሌም ከዚህ ነው የምጀምረው።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ አፕዴት ነው። በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. የወጣው የዊንዶውስ አፕዴት በቪዥዋል ቤዚክ 6 (የድሮ የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) የተሠሩ ፕሮግራሞችን ስታክ ያስደርግ ነበር። የኤክሴል ማክሮዎችም አልዳኑም። ማስተካከያው በዚያው ወር መውጣት ጀመረ። ስለዚህ ችግሩ ከአፕዴት ማግስት ከጀመረ ያንን አፕዴት አራግፉና እዩት። ከተስተካከለ ማስተካከያ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ጠብቁ። ለዘለዓለም አፕዴት አጥፍቶ መቀመጥ ግን አልመክርም።

ኮምፓቲቢሊቲ ሞድን ሁሉም ሰው ይመክራል። አምስት ደቂቃ ስጡት፣ ከዚያ በላይ አይገባውም። በዋናነት የሚያደርገው ፕሮግራሙን «ያለኸው በድሮው ዊንዶውስ ላይ ነው» ብሎ ማሳመን ነው። 16 ቢት የሆነ (በጣም የድሮ ዓይነት) ፕሮግራም 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ በዚህ መንገድ ፈጽሞ አይነሳም። አልፎ አልፎ የሚደርቅ ፕሮግራም ከሆነ ግን ታስክ ማናጀር ውስጥ ገብታችሁ በ«አፊኒቲ» አንድ ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ካሉት የሥራ ክፍሎች አንዱን) ብቻ ስጡት። ለአንድ ኮር ዘመን የተጻፉ አንዳንድ ፕሮግራሞች በብዙ ኮር ላይ እርስ በርስ ይጠባበቁና ይቆለፋሉ።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ምርጫዬ ቨርቹዋል ማሽን ነው። የድሮውን ዊንዶውስ በአዲሱ ውስጥ ታስቀምጡታላችሁ፣ ፕሮግራሙም የለመደው ቤት ይገባል። ከቨርቹዋል ማሽን መሥሪያዎቹ ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ለሁሉም ነፃ ሆኗል፣ ስክሪኑም ለእኔ ፈጣን ነው። ቨርቹዋልቦክስም ነፃ ነው፣ ሊኑክስ ላይም ይሠራል። የማይክሮሶፍቱ መሥሪያ ሃይፐር ቪ ግን ሆም በሚባለው የዊንዶውስ ዓይነት ላይ የለም። የዩኤስቢ ቁልፍ (ዶንግል) የሚጠይቅ ፕሮግራም ካላችሁ ደግሞ ሃይፐር ቪን እለፉት፣ ዩኤስቢውን በቀጥታ አያሳልፍም። ሌሎቹ ሁለቱ ያሳልፋሉ። እኔ ለሥራ ቪኤምዌርን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ዊንዶውስ ኤክስፒ ከሚያዝያ 2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ድጋፍ የለውም። በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ኢንተርኔቱን ዝጉት። ሁሉም ነገር ሲሠራ ስናፕሾት (የማሽኑን የዚያን ሰዓት ሁኔታ የሚያስቀምጥ ቅጂ) ያዙ። ነገ ቢበላሽ በደቂቃ ወደዚያው ትመለሳላችሁ።

ለዶስ (ከዊንዶውስ በፊት ለነበረው ሲስተም) ፕሮግራም ማስነሻ ዶስቦክስ አለ፣ ዋናው ዶስቦክስ ግን ለጌም የታሰበ ስለሆነ ፕሪንት አያደርግም። ደረሰኝ ማተም ካለባችሁ ዶስቦክስ ኤክስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ይሻላል። ሊኑክስ የምትጠቀሙ ዋይንን (የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳውን) ሞክሩ፣ 16 ቢት ፕሮግራምም ያነሳል። አንዳንዱ ፕሮግራም ግን እዚያም ይደርቃል።

የመጫኛው ሲዲ ጠፍቶባችሁ የድሮው ኮምፒውተር ግን አሁንም የሚነሳ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። የማይክሮሶፍቱ ሲስኢንተርናልስ ዲስክ ቱ ቪኤችዲ የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ። ዊንዶውሱ እየሠራ ሳለ ሙሉ ዲስኩን ወደ አንድ የቨርቹዋል ዲስክ ፋይል ይገለብጠዋል። ያንን ፋይል ቨርቹዋልቦክስ ይከፍተዋል። ዊንዶውሱ አክቲቬሽን እንደገና ሊጠይቅ ስለሚችል ቁልፉን ቀድማችሁ ፈልጉ። ኮምፒውተሩ ገና እየተነሳ ሳለ ዛሬውኑ ገልብጡት።