አጣናው ለማን ይሁን? ለፎቅ ወይስ ለጭቃ ቤት?

ጣሪያ ናፋቂ (ደብረ ብርሃን)፦ በትልልቅ ከተሞች ፎቅ ሲሠራ የባሕር ዛፍ መወጣጫ መጠቀም በሕግ ይከልከል እላለሁ። የሚቃወም ይምጣና እንከራከር። ምክንያቴ ይኸው፦ ከከተማው ዳር ባለ 50 ቆርቆሮ የጭቃ ቤት ጀምሬ፣ ቋሚውን ካቆምሁ በኋላ ማገሩ ላይ ስደርስ እጄ አጠረ። አምና ለጠቅላላ እንጨቱ የያዝሁት ገንዘብ ዘንድሮ ቋሚውን ብቻ ችሎ አለቀ። እንጨት ጠፍቶ ቢሆን ባልተናደድሁ። መሸጫው ሜዳ ላይ እንደ ጉድ ተከምሯል። ግን በየማለዳው አይሱዙ ይመጣል፤ ቀጥ ያለውን መርጦ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይነዳል። ለእኔ የሚቀረኝ እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘው ነው፤ ያውም በቀጥታው ዋጋ። ደመወዝተኛ ከሕንፃ ተቋራጭ ጋር ተጫርቶ የሚያሸንፍበት አገር የት አለ? ለእሱ መወጣጫ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ያወርደዋል። ለእኔ ግን ግድግዳዬ ነው።

መሐንዲሷ (አዲስ አበባ)፦ ወንድሜ፣ ብሶትህ ገብቶኛል፤ መፍትሔህ ግን ዕዳውን ወደ ሌላ ቤት ፈላጊ የሚያዞር ነው። እንጨቱን ብንከለከል የምንሄደው ወደ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ዶላር ይጠይቃል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር ማለፉን የረሳ የለም። ያ ልዩነት በመጨረሻ የሚጻፈው በአፓርታማ ገዢው ሂሳብ ላይ ነው።

ደግሞ አንተ ከመንገድ ላይ ሆነህ የምታየው መወጣጫውን ብቻ ነው። ወደ ውስጥ ብትገባ ሌላ ጉድ ታያለህ። ሶሌታው፣ ማለትም የፎቁ የአርማታ ወለል፣ ከመሞላቱ በፊት ከሥሩ የሚቆመው ድጋፍ ራሱን የቻለ ደን ነው፤ ሰው በመካከሉ የሚያልፈው ትከሻውን አዙሮ ነው። አርማታው ራሱን እስኪችል ለሳምንታት አይነቀልም። አጠር ብሎ የመጣውን አጣና ከሥሩ ድንጋይ ወይም የጣውላ ቁራጭ ይሸጉጡበታል። (ይህን ባየሁ ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ የለኝም።) ስለ ሠራተኛ ደኅንነት ብለህ ይከልከል ብትል ዛሬውኑ እፈርምልህ ነበር፤ ስለ ዋጋ ብለህ ከሆነ ግን አልፈርምም።

የገበሬ ልጅ (ጎጃም)፦ ፎቅ ሠሪውም ጎጆ ሠሪውም ርካሽ እንጨት ይፈልጋሉ፤ አባቴን የጠየቀው ግን የለም። አባቴ ችግኝ ተክሎ አምስት ስድስት ዓመት ጠብቋል። ሲታመም ደላላ መጣና ዛፉን በቁሙ ገዛው፤ ስንት እንጨት እንደሚወጣው የቆጠረው ደላላው እንጂ አባቴ አይደለም። አሁን እናንተ ትልቁን ገዢ በሕግ አባርራችሁ ዋጋው ሲወርድ፣ አባቴ «እሰይ፣ ደብረ ብርሃን ያለው ሰው ጣሪያ አገኘ» ብሎ እንደገና የሚተክል መሰላችሁ? ይነቅለዋል። አዊ ሄዳችሁ እዩ። ፋግታ ለኮማ አካባቢ ያለው ገበሬ ዲከረንስ ወደሚባለው የግራር ዘር ዛፍ ዞሮ ከሰል ሲያከስል ዓመታት አልፈዋል፤ ቶሎ ይደርስለታል፣ ሲቆርጠውም መሬቱ መልሶ እህል ይቀበለዋል። ከሰል ደግሞ ማገር አይሆንም።

የምንጭ ዳር ሰው፦ ይነቀል እንጂ! ስለ ዋጋው ታለቅሳላችሁ፤ በእኛ ቀበሌ ግን ባሕር ዛፍ የተተከለበት ሸለቆ ምንጩ ደርቋል። ከዛፉ ጥላ በታች ያለው የጤፍ ማሳ ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም፤ ጎረቤት ከጎረቤት በዚህ ተካስሷል። ትግራይ ክልል እኮ እ.ኤ.አ. በ1997 በእርሻ መሬት ላይ እንዳይተከል ከልክሎ ነበር። ሌላው ለምን አይከለክልም?

የእንጦጦ ልጅ፦ ያ ክልከላ ለእርሻ መሬት ነው፤ ኮረብታውን እኮ ለተከላ ሰጥተዋል። ይልቅ አንድ ነገር ላስታውስህ፦ ዳግማዊ ምኒልክ የአዲስ አበባ ዙሪያ እንጨት ቢያልቅባቸው ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ነበር፤ ቤተ መንግሥትም አስጀምረው ነበር። ባሕር ዛፍ ባይደርስ ዛሬ አዲስ አበባ የምንላት ከተማ እዚያ ትሆን ነበር፤ የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፉን ስትነቅሉ የሚተርፈው ምን እንደሆነ አስቡ፤ ዝግባና ጽድ ነው። ዋንዛና ኮሶ ሳይቀሩ አራቱንም ከመንግሥት ደን መቁረጥ በሕግ የተከለከለው እኮ ስላለቁብን ነው።

የምንጭ ዳር ሰው፦ ምኒልክ ውሃ አልጠማቸውማ።

አሮጌው አናጢ፦ ልጆቼ፣ ታሪኩን ተዉትና እንጨቱን እንመልከት። ዋጋው ሲንር መጀመሪያ የሚበላሸው ዕድሜው ነው። ድሮ ለቋሚ የሚቆረጠው እንጨት ልቡ የጠነከረ ነበር። አሁን ያልደረሰውን ይቆርጡታል፤ ቆርጠው በሳምንቱ ይሸጡታል፤ ገዢውም ከነእርጥቡ ያቆመዋል። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ጠርተውኝ ግድግዳቸውን አየሁ። ምርጊቱ ገና ዓመት አልሞላውም፤ ከመስኮቱ ማዕዘን እስከ ጣሪያው ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ወጥቶበታል። ጭቃውን ፈልፍዬ ብመለከት ቋሚው ሲደርቅ ዞሯል፤ ማገሩን ከነምስማሩ ጎትቶ ነቅሎታል። ምስማሩ ጥርስ እንዳወለቀ ድድ ቀዳዳውን ትቶ ወጥቷል። እኒያ እናት ለእንጨት የቆጠቡትን ለዳግም ምርጊት ከፈሉ።

ለጠያቂው ደግሞ አንድ ነገር ልንገርህ፤ አትቆጣ። አንተ የምትረግመው ፎቅ አጣናውን ሲያወርደው የት የሚሄድ ይመስልሃል? የተሰበረው ለማገዶ ይሄዳል። ደህናውን ግን አጥር አጣሪውና ጭቃ ቤት ሠሪው ይገዛዋል፤ ከአዲሱም ይረክሳል። ሲሚንቶ ቢነካው፣ ምስማር ቢበሳሳው፣ ደርቆ ጠማማነቱን የጨረሰ እንጨት ነው። እኔ ለራሴ ቤት ብሠራ ከእርጥቡ አዲስ ይልቅ ከፎቅ የወረደውን እመርጣለሁ። ክልከላህ ቢጸድቅ መጀመሪያ የሚደርቀው ይህ ገበያ ነው።

ጣሪያ ናፋቂ፦ ጋሼ፣ ይህን አላሰብሁትም ነበር፤ እቀበላለሁ። ግን ከፎቅ የሚወርደው አዲስ አበባ ነው፤ እኔ ያለሁት 130 ኪሎ ሜትር ርቄ ነው። አዲሱን ከደጄ እያነሱ ይወስዱብኛል፤ አሮጌውን ሄደህ ግዛ ትሉኛላችሁ?

ቀርከሃ ወዳድ፦ ለምን ሁላችሁም አንድ ዛፍ ላይ ተንጠለጠላችሁ? በቀርከሃ ሀብት ከአፍሪካ ቀዳሚዎቹ እኛ ነን።

አሮጌው አናጢ፦ ሳይታከም ያቆሙት ቀርከሃ በነቀዝ ያልቃል። የሚያክመው ይምጣ፤ እኔም እሠራበታለሁ።

እንጨት ነጋዴ፦ ሁሉም ነጋዴውን ሲወቅስ ዝም አልሁ፤ አሁን ግን ልናገር። ለገበሬው የምከፍለው ከመሸጫዬ ግማሽ አይሞላም፤ አልዋሽም። የቀረው ግን ትርፌ አይደለም። ቆራጭ አለ፣ ላጭ አለ፣ በትከሻው ተሸክሞ መኪና እስከሚገባበት የሚያወጣ አለ፣ ጫኝ አለ፣ አውራጅ አለ። የነዳጅ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ሲነሣ የጭነት ዋጋም አብሮ ወጣ። መንገዱ ሰላም ባልሆነ ቀን መኪናው ቆሞ ያድራል፤ የቆመበትም ይከፈላል። ከዚያ ኬላው አለ፤ አንዱ ጋ የከፈልሁበትን ደረሰኝ ሌላው ጋ ሳሳይ «ይህ የእነሱ ነው» እባላለሁ። ዛፉ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ክፍያውም እንደ ዛፉ በየኬላው ያቆጠቁጣል።

መሐንዲሷ፦ እንግዲህ ዋጋው የተወለደው ከፎቁ ላይ አይደለም ማለት ነው።

ጣሪያ ናፋቂ፦ ከፎቁም ነው እኅቴ። መንገዱ ቢወደድ ሁላችንም ላይ ይወደዳል፤ ቀጥ ያለው ተመርጦ ማለቁ ግን የሚጎዳው እኔን ነው። ስለዚህ ሐሳቤን አልተውሁም፤ አሻሻልሁት። መወጣጫውን ተዉት፤ ከሶሌታ ሥር ያለው ድጋፍ በደረጃ ወደ ብረት ይዙር። አንድ ጊዜ የተገዛ ብረት ስንት ሕንፃ ይደግፋል። ከፎቅ የወረደውም አጣና ወደ ክፍለ ሀገር ይመለስ። ነጋዴው፣ መኪናህ አዲስ አበባ አራግፎ ሲመለስ ምን ይጭናል?

እንጨት ነጋዴ፦ ብዙ ጊዜ ባዶውን ነው።

ጣሪያ ናፋቂ፦ ታዲያ የወረደውን ለምን አትጭንም?

እንጨት ነጋዴ፦ አንድ ጊዜ ሞክሬዋለሁ። ኬላ ላይ አስቆሙኝና የመቁረጫ ፈቃድ አምጣ አሉኝ። «ጌታዬ፣ ይህ እንጨት እኮ ሲሚንቶ ተለጥፎበታል፤ ከጫካ የመጣ ይመስላል?» አልኋቸው። አንዱ ጠጋ ብሎ በጥፍሩ ፈገፈገውና ሲሚንቶ መሆኑን አመነ። ቢሆንም ፈቃዱን አምጣ አለኝ። ሁለት ቀን ቆሜ፣ ያተርፍልኛል ያልሁትን ለአልጋና ለምግብ ከፍዬ ገባሁ። አሁን ባዶዬን እመለሳለሁ።

የገበሬ ልጅ፦ እንግዲያው የሚከለከለው ምን እንደሆነ እንደገና ድምፅ እንስጥ።