ማስኩ የነጠላውን ጥለት እየቀየረብኝ ተቸግሬያለሁ

ሰላም ጤና ይስጥልን። የአያቴን የድሮ ፎቶ በስቴብል ዲፊውዥን (ምስል በሚሠራ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ሞዴል) እያደስኩ ነው። ነጠላዋ ላይ፣ ልክ ጥለቱ ጋ፣ የውሃ እድፍ አለ። በማስክ (የሚቀየረውን ቦታ በሚለይ ሽፋን) ሸፍኜ ኢንፔይንት ሳደርገው፣ ማለትም ያንን ቦታ ብቻ እንደገና ሳሠራው፣ እድፉ ይጠፋል፤ ግን የጥለቱ መስመሮች ይጣመማሉ። የማስኩ ጠርዝም እንደ እራፊ ተለይቶ ይታያል። ፊቷ ከማስኩ ውጭ ስለሆነ አልተነካም፣ ተመስገን። ያለን ብቸኛ ፎቶዋ ነው።

ዲኖይዚንጉን (ቦታው ምን ያህል እንደሚቀየር የሚወስነውን ቁጥር) 0.75 ሳደርገው ሌላ ጥለት ይፈጥራል። ወደ 0.3 ሳወርደው ደግሞ እድፉ እዚያው ይቀራል። ማስክ ብለሩ (የማስኩን ጠርዝ የሚያለሰልሰው) 4 ነው። ጥለቱ ደቃቅ ስለሆነ «ኦንሊ ማስክድ»ን (ማስኩ ያለበትን ቦታ ብቻ አጉልቶ የሚሠራውን) መርጫለሁ።

ብለሩን ልጨምር ወይስ ፓዲንጉን (በማስኩ ዙሪያ አብሮ የሚታየውን ቦታ) ላስፋ? መጀመሪያ እድፉን በክሎን ስታምፕ (ከሌላ የፎቶው ክፍል ቀድቶ በሚለጥፍ መሣሪያ) ሸፍኜ፣ ከዚያ በዝቅተኛ ዲኖይዚንግ ባልፍበትስ? ወይስ ለእንዲህ ያለ ጥለት ኮንትሮልኔት (የምስሉን መስመሮች ተከትሎ እንዲሠራ የሚያደርግ ተጨማሪ ሞዴል) የግድ ነው? የሞከራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ቁጥሮቹን ጭምር ጻፉልኝ።