ትእዛዙ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው፤ በምን መላ ላደራጀው?

ጥያቄ (ከአዳማ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ)
ጤና ይስጥልኝ። ትንሽ ማተሚያ ቤት አለችኝ፤ ባነር፣ የሠርግ ካርድ፣ ቢዝነስ ካርድ እንሠራለን። ያለነው እኔና አንድ ልጅ ነን። ትእዛዝ በስልክ ይመጣል፣ በቴሌግራም ይመጣል፣ በር ላይ ቆሞ የሚነግረኝም አለ። ግማሹን ደብተር ላይ፣ ግማሹን ስልኬ ላይ፣ የቀረውን ባገኘሁት ቁራጭ ወረቀት እጽፋለሁ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ «ያን ቀለም ቀይሬዋለሁ ወይስ አልቀየርኩትም?» እያልኩ እባንናለሁ። በጥር የአንዲት ሙሽራ ካርድ ሁለት ቀን ዘገየብኝ፤ እናቷ ሱቁ ውስጥ ቆመው ሲያለቅሱ አብሬያቸው አለቀስኩ። ሦስት አፕሊኬሽን ሞክሬ ሳምንት ሳይሞላ ተውኳቸው። እባካችሁ ምን ይሻለኛል?

መልስ (ነርስ ነኝ)
እህቴ፣ አይዞሽ፤ መባነንሽ ስንፍና አይደለም። ብሉማ ዘይጋርኒክ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰው ከጨረሰው ሥራ ይልቅ መሐል ላይ የተቋረጠበትን አብልጦ እንደሚያስታውስ ጽፋለች። በኋላ የተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ በዚህ ባይስማሙም፣ ማሲካምፖና ባውማይስተር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳዩት ነገር ላንቺ ይጠቅማል፦ ሥራው ባያልቅም መቼና እንዴት እንደሚሠራ ቁርጥ ያለ ዕቅድ ከወጣለት አእምሮን መረበሹ ይቀንሳል።

ስለዚህ አንድ ደብተር ብቻ ያዢ። በቴሌግራም የመጣውም፣ በር ላይ የተነገረሽም እዚያው ይግባ። «የሠርግ ካርድ» ብለሽ ብቻ አትጻፊ፤ እንዲህ የተጻፈ ነገር ሌሊትም ይከተልሻል። «ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ለሙሽራዋ ናሙና መላክ» በይው። ማታ ሱቁን ከመዝጋትሽ በፊት አሥር ደቂቃ ተቀምጠሽ የነገውን አውጪ። እኛ ተረኛ ስንቀያየር የምናስረክበው በጽሑፍ ነው፤ በቃል ብቻ የተነገረ ነገር እንደሚጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ።

መልስ (ጋራዥ አለኝ)
ደብተሩ ጥሩ ነው፤ ግን ተዘግቶ ይውላል። እኔ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ሰቅዬ በሦስት ከፍዬዋለሁ፦ የመጣ፣ በእጅ ያለ፣ ያለቀ። እያንዳንዱ መኪና አንድ ካርድ አለው። አሠራሩ የቶዮታ ፋብሪካ ካንባን ነው፤ የፋብሪካው መሐንዲስ ታይቺ ኦህኖ ያዳበረው። ዋናው ነገር ግን ሰሌዳው አይደለም፤ «በእጅ ያለ» ከሦስት ካርድ አይበልጥም። አራተኛ ለማስገባት አንዱ መውጣት አለበት። ልጁም ቀጥሎ ምን እንደሚሠራ አንቺን አይጠይቅም።

ጠያቂዋ
ይህን ነገ እሰቅላለሁ። መብራት ሲጠፋስ? ያኔ ነው ሁሉ ነገር የሚደራረብብኝ።

መልስ (ልብስ ሰፊ)
መብራት የማይፈልገውን ሥራ ለይተሽ አስቀምጪ። ካርድ ማጠፍ፣ ፖስታ ውስጥ መክተት፣ ሪባን ማሰር፣ ቀሪ ክፍያ ያለባቸው ጋ መደወል። ሰሌዳው ላይ ባለው የእነዚህ ሥራዎች ካርድ ጥግ በቀይ እስክሪብቶ «መ» (መብራት አይፈልግም) ብለሽ ጻፊበት። እኔ መብራት ሲሄድ ቁልፍ እተክላለሁ፤ ቁጭ ብዬ መብራቱን ስጠብቅ ነበር የምናደደው።

መልስ (መምህር)
ስልክሽ ላይ ማስታወሻ ስትሞዪ ቀኑን አስተውዪ። ደንበኛ «ለጥር 20» ሲልሽ በስልኩ አቆጣጠር ጃንዋሪ 28 ነው፤ ጳጉሜ 6 በሆነች ማግስት በሚገባው ዓመት ደግሞ 29። ከሰዓት 9 ሰዓትም ስልኩ ላይ 3 ነው። እኔ በዚህ ስህተት ስብሰባ አምልጦኛል። ደብተርሽ ላይ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጻፊ።

መልስ (ጡረታ የወጣሁ የሂሳብ ሠራተኛ)
ልጄ፣ የተባለው ሁሉ ደግ ነው፤ እኔ ግን ችግሩ የሚጀምረው «እሺ፣ ነገ ይደርሳል» ስትዪ ይመስለኛል። ሰው ላለማስቀየም የምንሰጣት ቀን ናት ሌሊት የምታባንነው። ሰሌዳውን ሳታዪ ቀን አትስጪ፣ ቀብድ ሳትቀበዪም ካርድ አትጻፊ። «ለማክሰኞ አልችልም፣ ለዓርብ እችላለሁ» ቢባል የሚቀየም ደንበኛ ጥቂት ነው።

ጠያቂዋ (ከአሥር ቀን በኋላ)
ሰሌዳው ተሰቅሏል። ቁራጭ ወረቀቶቹን ሁሉ ሰብስቤ ስገለብጥ 23 ትእዛዝ ሆነ፤ ሁለቱን ጨርሶ ረስቻቸው ነበር፣ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ትናንት አንድ ሰውዬ 500 ካርድ ለነገ ፈልገው መጡ። ሰሌዳውን አሳየኋቸው፣ ቆመው አነበቡትና «እንግዲያው ለዓርብ ይሁን» ብለው ቀብዳቸውን ከፈሉ። ደብተሩ ላይ ሁለቱን ቀን መጻፍ አሁንም እረሳለሁ። እንቅልፌ ግን ከሞላ ጎደል ተመልሷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።