ጥቆማ፦ ጎጃም ውስጥ የድሮ ብር ለምትሰበስቡና ለምትሸጡ

«አያቴ ሣጥን ውስጥ 1780 የሚል ብር ተገኘ፤ ስንት ያወጣል?» በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው ጠየቀኝ። ሁለቱ ከማርቆስ፣ አንዱ ከሞጣ። አንድ ላይ ልመልስ፤ በዚያው የት መሄድ እንደሚሻል ልጠቁማችሁ።

ጠገራ ብር ብርቅ አይደለም። 1780 ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ትሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር) እንጂ ብሩ የተሠራበት ላይሆን ይችላል፤ ከዚያ ወዲህ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ ሁሉ ያንኑ ዓመት እየጻፉ ሲሠሩት ኖረዋል። ዋጋው ያለው የብር ማዕድኑ ላይ ነው። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሑ 23.4 ግራም ይሆናል። የዕለቱን የንጹሕ ብር ግራም ዋጋ በ23.4 አባዙት። ከዚያ በታች የሚሰጣችሁ ካለ ይዛችሁት ተመለሱ።

የምኒልክ ብር ሌላ ነገር ነው። እዚህ ዋጋውን የሚቆርጠው ዓመቱ ነው። በግዕዝ ቁጥር ስለተጻፈ ብዙ ሰው ሳያነበው ይሸጠዋል። ፲፰፻፹፯ (1887) የሚለው ከ፲፰፻፹፱ (1889) በጣም ባነሰ ቁጥር ነው የተሠራው፤ ሰብሳቢ የሚፈልገውም እሱን ነው። ችግሩ ብሩ በእጅ ብዛት ሲያልቅ ፯ እና ፱ ይመሳሰላሉ። በአጉሊ መነጽር፣ በጎን በሚመጣ ብርሃን እዩት። አንበሳውንም ተመልከቱ፦ በ1887 እና በ1889 ያነሣው የግራ እግሩን ነው፣ በ1892 እና በ1895 ደግሞ የቀኙን። ዓመቱ 1887 እያለ ቀኝ እግሩን ያነሣ አንበሳ ካያችሁ አትግዙ።

ስሙኒንም አትናቁ። የ1936ቱ ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበር። ሰዎች ብር እየቀቡ ሽልንግ (ሃምሳ ሳንቲም) ነው ብለው ሲያሳልፉት ጊዜ ጠርዙ እንደ አበባ ተደርጎ ተቀየረ፤ ዓመቱ ግን 1936 እንደሆነ ቀረ። አበባማው በየቤቱ አለ። ክቡን ካገኛችሁ ለብቻው አስቀምጡት።

አሁን ወደ ቦታው። ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ያሉ የስጦታ ዕቃ ሱቆች ለማየት ጥሩ ናቸው፤ ለመግዛት ግን የመጨረሻ ምርጫዬ ናቸው። ዋጋው ለቱሪስት የተቆረጠ ነው፣ እውነተኛውና ሐሰተኛውም አንድ ሳህን ላይ ተደባልቆ ነው የሚቀመጠው። ከአንዱ «1887 ነው» ተብዬ ገዛሁና ቤት ስመዝነው 24 ግራም አልሞላም፤ 28 መሆን ነበረበት። ስመልሰው አልቀበልም አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሚዛኔን ሳልይዝ አልወጣም። የአክሱም ሳንቲም ነው ብለው ካመጡላችሁ ደግሞ እጃችሁን ሰብስቡ፤ ያ ቅርስ ነው፣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለበት።

ቅዳሜ ገበያ ይሻላል፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ከገጠር የሚመጡ እናቶች አንገታቸው ላይ ያለውን ነው የሚሸጡት፣ ብዙውም ማንጠልጠያ ቀለበት የተበየደበት ነው። ብየዳ ያለበት ብር ለሰብሳቢ ዋጋው ይወርዳል። እናስለቅቀው አትበሉ፣ ይብስበታል። ዋጋ ስትነጋገሩ ደግሞ የብሩን ትክክለኛ ግምት ንገሯቸው። እማማ ዋጋውን አያውቁም ብሎ በእንጀራ ዋጋ መውሰድ ነውር ነው።

ቴሌግራም ላይ ከሆነ ሁለቱን ገጽ፣ ጠርዙን፣ ሚዛን ላይ ተቀምጦም የተነሣ ፎቶ ጠይቁ። እንቢ ካለ ተዉት።

ማስቀመጫ ስትገዙ የሚሸት ለስላሳ ላስቲክ ያለው አልበም ይቅርባችሁ፤ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ነገር ይለቅበታል። ጠንካራው ክብ ፕላስቲክ ይሻላል። እሱ እስኪገኝ በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሉት። በሎሚም በአመድም እንዳታሹት። እኔ አንድ የምኒልክ አላድ (ግማሽ ብር) ለፋሲካ ብዬ ፈትጌ አብለጨለጭኩት። ያሳየሁት ሰብሳቢ ሁሉ ጭረቱን አይቶ መለሰልኝ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

የመጀመሪያ ጥቆማዬ ብር ሠሪ ነው። ሚዛኑ ትክክል ነው፣ ሐሰተኛውን ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎ በድምፁ ያውቀዋል፣ ለማየትም ገንዘብ አይጠይቅም። ጉድለቱ አንድ ነው፦ ለእሱ 1887ም 1895ም ያው ግራም ነው፤ ለመስቀልና ለአልቦ ያቀልጠዋል። ማርቆስ ያለውን ደንበኛዬን ለመንኩት። ፯ን በወረቀት በትልቁ ጽፌ ወናፉ አጠገብ ለጠፍኩለት፣ ከግራሙ ዋጋ በላይ እከፍላለሁ አልኩት። አሁን የምኒልክ ብር ሲመጣለት ከማቅለጡ በፊት ይደውልልኛል። እናንተም በየከተማችሁ ያለውን ብር ሠሪ እንዲሁ ለምኑልኝ፤ የቀለጠ አይመለስም።