ነርቩ የተጎዳበት ጡንቻ በራሱ ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ወንድሜ የላይኛው ክንዱ ላይ ነርቭ ተጎድቶበት የእጁን አንጓ ቀና ማድረግ ተስኖታል። በመጀመሪያው ሳምንት በተደረገለት የኤሌክትሮማዮግራፊ ምርመራ (በመርፌ የጡንቻን ኤሌክትሪክ የሚለካ) ጡንቻው በዕረፍት ላይ ሳለ ጸጥ ያለ ነበር፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲደገም ግን «ፋይብሪሌሽን ታይቷል» ተብሎ ተጽፏል። ትእዛዝ የተቋረጠበት ጡንቻ ይበልጥ ዝም ማለት ሲገባው እንዴት እንዲህ ይሆናል? ቆዳው ላይ ደግሞ ምንም እንቅስቃሴ አይታይም።

መልስ 1፦
ጡንቻ የትኞቹን የአዮን መተላለፊያዎች (እንደ ሶዲየም ያሉ ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች በሴሉ ሽፋን የሚያልፉባቸው በሮች) እንደሚሠራና የት እንደሚያኖራቸው በአብዛኛው የሚወስነው ነርቩ ስለሆነ፣ ነርቩ ሲቋረጥ የሴሉ ሽፋን ጠባይ ራሱ ይለወጣል። ጤናማ የጡንቻ ሴል በዕረፍት ላይ ውስጡ ከውጭው በ80 ሚሊቮልት ገደማ ያነሰ ነው፤ በአይጦች ላይ እንደታየው ግን ነርቩ በተቆረጠ በቀናት ውስጥ ልዩነቱ ወደ 60 ገደማ ይወርዳል። ሽፋኑን የሚያረጋጋው የክሎራይድ ፍሰትም ስለሚቀንስ ትንሽ የአዮን እንቅስቃሴ እንኳ ቮልቴጁን በቀላሉ ያናውጠዋል። በዚያ ላይ በልብና ገና ባልበሰለ ጡንቻ የሚታወቀው፣ ቴትሮዶቶክሲን የተባለው መርዝ እምብዛም የማይዘጋው የሶዲየም መተላለፊያ ብቅ ይላል፤ እነዚህ ተደምረው ሴሉ ያለ ነርቭ ትእዛዝ በራሱ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ያደርጉታል። ፋይብሪሌሽን አንዲት የጡንቻ ክር (አንድ የጡንቻ ሴል) ብቻዋን የምታመነጨው የኤሌክትሪክ ምት ስለሆነ በቆዳ ላይ አይታይም፤ በመሣሪያው ድምፅ ማጉያ ግን እኩል እየተራራቀ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

መልስ 2፦
ስለ ጊዜው ልጨምር። የተቆረጠ ነርቭ የታችኛው ክፍል ወዲያው አይሞትም፤ ለተወሰኑ ቀናት ከጉዳቱ በታች ቢነቃቃ ጡንቻውን ያኮማትራል። ፋይብሪሌሽንም ለጉዳቱ ቅርብ በሆኑ ጡንቻዎች ቀድሞ፣ ራቅ ባሉት ዘግይቶ ይጀምራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ውጤት «ጤናማ ነው» ማለት አልነበረም፤ መርማሪው ቀጠሮ መስጠቱ ተገቢ ነው።

መልስ 3፦
አንድ ተግባራዊ ጉዳይ አለ፤ እኔ ከሁሉ ይበልጥ የምሰጋው ለእሱ ነው። በጤናማ ጡንቻ የአሴቲልኮሊን (ነርቩ ጡንቻውን ለማዘዝ የሚለቀው ኬሚካል) ተቀባዮች ነርቩ በሚያርፍበት ነጥብ ላይ ታጭቀው ይገኛሉ፤ ነርቩ ሲጠፋ ግን በሽፋኑ ሁሉ ይሰራጫሉ። ተመራማሪዎቹ ሎሞና ሮዘንታል እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳዩት ነርቭ አልባውን የአይጥ ጡንቻ በቀጥታ በኤሌክትሪክ ማነቃቃት ጡንቻው በዚህ የተነሳ ለአሴቲልኮሊን ከልክ በላይ ስሱ መሆኑን ይገታዋል። በሰመመን ጊዜ ጡንቻን ለማላላት የሚሰጠው ሱክሲኒልኮሊን የተባለው መድኃኒት የተሰራጩትን ተቀባዮች በአንድ ጊዜ ሲከፍታቸው ፖታሲየም ወደ ደም በብዛት ፈስሶ የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል፣ ወንድምዎ ቀዶ ጥገና ቢያስፈልጋቸው የነርቭ ጉዳታቸውን ለሰመመን ባለሙያው አስቀድመው ይንገሩ።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፋይብሪሌሽኑ ከጠፋ ድኗል ማለት ነው?

መልስ 1፦
በእሱ ብቻ አይፈረድም። ነርቩ ተመልሶ ሲደርስ ይጠፋል፤ ጡንቻው ለረጅም ጊዜ ያለ ነርቭ ቆይቶ በስብና በጠባሳ ሲተካም ይጠፋል። የማገገም ምልክቱ ወንድምዎ አንጓቸውን ለማንሳት ሲሞክሩ መርፌው ላይ ብዙ ጫፍ ያላቸው አዳዲስ ሞገዶች መታየታቸው ነው፤ ነርቭ በቀን 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ስለሚያድግ ይህ ወራት ሊወስድ ይችላል።