«ዘ ብሉየስት አይ»ን ለንባብ ክበብ፦ «አሳዘነችኝ» ከማለት እንዴት ይታለፋል?

ገጽ አጣፊ፦
በሚቀጥለው ወር የአሜሪካዊቷን ደራሲ የቶኒ ሞሪሰንን «ዘ ብሉየስት አይ» (1970 እ.ኤ.አ.) ስምንት ሆነን ልናነብ ነው። ስለ ዘረኝነት የተጻፈ ልቦለድ ባነበብን ቁጥር ውይይቱ «ልጅቷ ታሳዝናለች» ላይ ይቆማል። በስንት ስብሰባ ይከፈል? ልጅቷ የምትደፈርበትስ ክፍል እንዴት ይያዝ?

እርሳስ በእጁ፦
ችግሩን ደራሲዋም አይታዋለች። በ1993 እ.ኤ.አ. በጻፈችው የኋላ ቃል፣ ታሪኩን የቆራረጠችው አንባቢው ራሱ እንዲገጣጥመውና ራሱን እንዲጠይቅ አስባ እንደነበር፣ ግን ብዙዎች ለልጅቷ ለፔኮላ አዝነው ብቻ እንደቀሩ ትናገራለች። ስለዚህ ያስለቀሳችሁን ቦታ ተዉት። ልጅቷን ከሚጎዳት ሰው ጋር የተስማማችሁበትን መስመር በእርሳስ አስምሩ። በአንድ ክፍል አንድ መስመር በቂ ነው።

ለሙከራ የወጥ ቤቱን ትዕይንት ውሰዱ። እናትየዋ ፖሊን በነጮች ቤት ሠራተኛ ናት። ፔኮላ ትኩሱን የፍራፍሬ ኬክ ትደፋውና ጭማቂው እግሯን ይለበልባታል። እናቷ እሷን ትመታለች፤ የምታባብለው ግን የምታለቅሰውን የአሠሪዎቿን ልጅ ነው። ያቺ ሕፃን «ፖሊ» ብላ በቁልምጫ ትጠራታለች፤ የገዛ ልጇ «ሚስስ ብሪድላቭ» ነው የምትላት። ሕፃኗ ፔኮላና አብረዋት የነበሩት ልጆች እነማን እንደሆኑ ስትጠይቃት ፖሊን «ልጄ ናት» አትልም። እዚህ ጋ ስንቶቻችሁ በልባችሁ «ምን ታድርግ፣ እንጀራዋ ነው» አላችሁ? ውይይቱን ከዚያ ጀምሩ።

ማታ አንባቢ፦
አምስት ስብሰባ ያስፈልጋችኋል። መጽሐፉ በወቅት ስም በአራት ተከፍሏል፦ መጸው፣ ክረምት፣ ጸደይ፣ በጋ (ክረምቱ የኛ ዝናብ ሳይሆን የኦሃዮ ብርድ ነው)። ጸደዩ ረጅምም ከባድም ስለሆነ ለሁለት ክፈሉት፤ እስከ ፖሊን ታሪክ አንድ፣ ከአባትየው ከቾሊ ጀምሮ ሁለት። በጋው አጭር ነው፤ ከኋላ ቃሉ ጋር ይነበብ።

በመጀመሪያው ቀን የመግቢያውን የሕፃናት ንባብ ሦስቱንም ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ አንዴ በሥርዓተ ነጥብ፣ አንዴ ያለ ሥርዓተ ነጥብ፣ በመጨረሻ በቃላቱ መካከል ክፍተት ሳይኖር። ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ ያጥራል፤ የፔኮላን ቤት ነገር ያኔ ትሰሙታላችሁ።

መደፈሩ ያለው በጸደይ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ከሳምንት በፊት ለሁሉም ተናገሩ፣ ጮክ ተብሎ አይነበብ፣ መቅረት የሚፈልግም ምክንያት አይጠየቅ። የሚነገረው በደፈራት በአባቷ በቾሊ በኩል ስለሆነ፣ ከዚያም በፊት ነጮቹ በባትሪ ብርሃን ያዋረዱት ታሪክ ስለሚመጣ፣ አንባቢ ሳያስበው ይራራለታል። ያ ርኅራኄ ሳይነሳ ስብሰባው ከተበተነ ሰው ተረብሾ ይሄዳል፤ ሰዓት ተርፏችሁ ግቡበት።

ጠይሟ፦
በክረምቱ ክፍል የምትመጣውን የትምህርት ቤት ልጅ፣ ሞሪን ፒልን፣ አትለፏት። በኛ አፍ «ቀይ» የምንላት ናት። ወረቀት አድሉና ስለ ሴት ልጅ መልክ ቤት ውስጥ የሚባለውን ያለ ስም ይጻፉ። «ጥቁር ናት ግን ታምራለች» የሚለው መምጣቱ አይቀርም፤ «ግን»ን አክብቡባት። የኛን ከአሜሪካው ጋር አንድ አታድርጉት ታዲያ። ታሪኩ የሚካሄድባት የሎሬን ከተማ መለኪያ ነጭነት ነው፤ የኛ «ባሪያ» የሚለው ስድብ የራሱ ታሪክ አለው። አሜሪካ ያደገ ልጅ ካላችሁም «አንተስ ምን ደረሰብህ?» ብላችሁ ምስክር አታስቁሙት።

ገጽ አጣፊ፦
ወረቀቱ በሁለተኛው ስብሰባ ይሁን ወይስ በመጀመሪያው?

ጠይሟ፦
በሁለተኛው፣ ግን ምዕራፉ ከመነሳቱ በፊት። ሞሪንን ካወሩ በኋላ ሁሉም ጨዋ ጨዋውን ነው የሚጽፈው።